«ሐራራ» በየትኛው ሀ ይጻፋል? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ነገር ላይ ያርፋሉ፦ አንድን ነገር አጥብቀን ስንፈልግ የምንላቸው ቃላት። አንድ ላይ ልመልሳቸው።

ሐራራ፣ ሀራራ፣ ሃራራ ወይስ አራራ?

ጠያቂው ወጣት ነው። ጓደኞቹ ሲጻጻፉ አራቱንም አይቷል። አንዱ ደግሞ «ቃሉ ከሐረር ነው፤ ጫቱም ከዚያ ነው» ብሎ ተከራክሮታል።

እኔ «ሐራራ» ብዬ ነው የምጽፈው። በዐረብኛ ሐራራ ማለት ሙቀት ነው። የግዕዙ ሐሩርም ያው ነው፤ የሚያቃጥል ሙቀት። ትግርኛም ያረረን ነገር ሐረረ ይለዋል። እኛ በአማርኛ ሐ ከጉሮሯችን ስለጠፋ አረረ እንላለን። ወጡ አረረ፤ አንጀቴ አረረ። ሐመድ አመድ፣ ሐመመ አመመ እንደሆነው ማለት ነው። እንግዲህ የጫት ሰዓቱ ያለፈበት ሰው «ሐራራዬ ተነሳ» ሲል ውስጤ እሳት ተነሳ ማለቱ ነው። ያዛጋል፣ ይነጫነጫል፣ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ቃሉን ያወጣው ሰው ስሜቱን አሳምሮ ያውቀዋል። ስለዚህ ሰው ሐራራው ሲነሳበት ከቦ መሳቅ ደስ አይለኝም። የሚቃጠል ሰው ላይ አይሳቅም።

«አራራ» የሚሉትን አላዋቂ አልልም። አማርኛ ሐን መዋጥ የቆየ ልማዱ ነው። ግን «አራራ» የሚለው ቦታ ተይዟል፤ ልቡን አራራው ስንል አሳዘነው፣ አለሳለሰው ማለታችን ነው። ደግሞም አብዛኛው ሰው ሀውን አጥርቶ ይጠራዋል። ሀራራና ሃራራ በንባብ ልዩነት የላቸውም። በሐመሩ ሐ ስትጽፈው ግን ከሐሩር ጋር ያለው ዝምድና በዓይን ይታያል። አንዲት ሆሄ የቃሉን ወገን እየነገረችን ለምን እንጥላታለን? ስልክ ላይ ሐን መፈለግ ትንሽ ያስቸግራል፤ ይሁን፣ ፈልጋት።

የሐረሩን ክርክር ተወው። ሙቀት የሚለው ትርጉም ራሱ በቂ ነው፤ የከተማ ስም አያስፈልገውም።

«ቋመጥኩ» ነው ወይስ «ቆመጥኩ»?

ቋመጥኩ። ቆመጠ ሌላ ነው፤ የቆማጣ ወገን ነው። በጾም መጨረሻ ለዶሮ ወጥ የምንቋምጠው በቋ ነው።

«ጨብሲ» ከቺፕስ የመጣ ነው?

አይደለም፤ ኦሮምኛ ነው። ጨብሱ መስበር፣ ጨብሲ ደግሞ ስበር ማለት ነው። የጫቱን ምርቃና በመጠጥ መስበር፤ በቃ።

ልጄ «ክሬቭ አደረገኝ» ትላለች

እናትየው የሚኖሩት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። እዚያ የተወለደችው ልጃቸው አማርኛ ትሞክራለች፤ እንጀራ ሲያምራት ግን «እንጀራ ክሬቭ አደረገኝ» ትላለች። ልቆጣት ወይስ ልተዋት ብለው ጠይቀዋል።

አይቆጧት፣ እናቴ። ቃሉን ከእንግሊዝኛ ወሰደች እንጂ ሰዋስውዋ ንጹሕ አማርኛ ነው። «አደረገችኝ» ወይም «አደረግኩ» አላለችም፤ «አደረገኝ» ነው ያለችው። እንጀራው አድራጊ፣ እሷ ተቀባይ። እኛም ራበኝ፣ ጠማኝ፣ አማረኝ ነው የምንለው። ነገሩ መጥቶ እኛን ይይዘናል። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ ከእርስዎ አፍ ለቅማ ነው።

አሁን ቃሉን ይስጧት። አማረኝ፣ አማረሽ፣ አማረው። ቀሚስ እያሳዩ ያጫውቷት። «ቀሚሱ አማረብሽ» ሲሏት ለብሳው ተውባለች፤ «ቀሚሱ አማረሽ» ሲሏት ገና አልገዙላትም። በመሃል ያለችው አንዲት ብ ብቻ ናት። አንድ ነገር ሲያምረን ዓይናችን ውስጥ ውብ ይሆናል፤ ለዚያ ነው ውበትንና አምሮትን በአንድ ግሥ የምንጠራቸው። እኔ ይህን ግሥ በጣም እወደዋለሁ። ልጅቱም ትወደዋለች ብዬ አምናለሁ።

ቡና ካልጠጣሁ ራሴን ያመኛል፤ ሱስ ነው ሐራራ?

ሁለቱም። ሱስ የከረመው ልማድ ነው፤ ሐራራ ሰዓቱ ሲያልፍ የሚነሳው ነው። «ሱስ አለብኝ» ዓመቱን ሙሉ ይባላል፤ «ሐራራዬ ተነሳ» ግን በዚያች ሰዓት ነው። ራስ ምታቱ ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው ስኒ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። መተው ከፈለግክ በአንዴ አትቁረጠው፣ ቀስ እያልክ ቀንስ። ካልለቀቀህ ሐኪም ይይህ።

ሚስቴን አፈር አማራት

ባልየው የጻፈው ለአፈር አምሮት የአራዳ ቃል ካለ እንድነግረው ነው። ሚስቱ እርጉዝ ናት፤ የግድግዳ ጭቃ እየቆረሰች ትበላለች። ቤተሰቡ «ያረገዘች ሴት ያማራትን አትከልክሏት» ይላል።

ወንድሜ፣ ቃሉን ተወው። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰዳት። አፈርና ጭቃ የሚያምራት ነፍሰ ጡር ብዙ ጊዜ የደም ማነስ ወይም የብረት እጥረት ይገኝባታል። በቀላል የደም ምርመራ ይታወቃል። አፈሩ ደግሞ የትላትል እንቁላልና እርሳስ ሊኖረው ይችላል። እርሳስ ለጽንሱ አደገኛ ነው። የእርግዝና ክትትል ላይ የሚሰጣትን የብረት እንክብል አታቋርጥ፤ ከቡናና ከሻይ ጋር ግን አትዋጠው፣ ብረቱ ወደ ደሟ እንዳይገባ ያግዱታል። አትቆጣት፣ አታሳፍራት። አምሮቱ መጥቶ ያዛት እንጂ እሷ አልጠራችውም። ጤና ጣቢያ ስትደርሱ አፈር መብላቷን ደብቃ እንዳትመለስ አንተው ንገርላት። እባክህ፣ ይህን መልስ አንብበህ ዝም አትበል።

«ሽው አለኝ» ነው «ሽዉ አለኝ»?

ሽው፣ በሳድሱ ው። የነፋስ ድምፅ ነው፤ ሁለቱን ቃላትም ለያይታችሁ ጻፉ።