አንድ ልብ፣ ሁለት ቁጥር

የዚህ እትም ደብዳቤዎች በአብዛኛው የአካል ብቃት ምዘና ከሚማሩ ሰዎች የመጡ ናቸው። የሚመሳሰሉትን አጣምሬ አምስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያዋ ጠያቂ ብዙ ቦታ ወስዳለች፤ ሌሎቻችሁ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አሰልጣኝነት እየተማርኩ ነው። አሁን የደረስንበት ክፍል ጤናማ አዋቂዎችን መመዘን ነው። ቀመሮቹን በቃሌ ይዣቸዋለሁ። ችግሩ የመጣው ልምምድ ላይ ነው። አንዲት ሴትዮ ስቴፕ ቴስት (ሣጥን ላይ እየወጡ እየወረዱ የሚሠራውን ፈተና) ሠርታ እንደጨረሰች እኔና የክፍል ጓደኛዬ የልብ ምቷን በየፊናችን ለ15 ሴኮንድ ቆጠርን። እኔ 120 አልኩ፣ እሱ 128 አለ። ማንን እንመን? ሌላም ጉድ አለ። ሴትዮዋ የጤና ቅጹን ሁሉ «የለም» ብላ ነው የሞላችው። ስንጨርስ ግን «የግፊት ኪኒኔን ጠዋት ውጫለሁ፣ ችግር አለው እንዴ?» ብላ ጠየቀችን። ክው አልን። *ግራ የገባት ሰልጣኝ*

መልስ፦ ከኪኒኑ ልጀምር፤ እሱ ይብሳል።

ሴትዮዋ አልዋሸችም። ግፊቷ በመድኃኒት ስለተስተካከለ በእሷ ቤት ድናለች። ብዙ ቦታ የሚሠራበት ፓር-ኪው ፕላስ የተባለው ቅጽ ሰባት ጥያቄዎች አሉት። ስለ ልብና ስለ ደም ግፊት ይጠይቃል፤ ስለ ደረት ሕመም፣ ስለ ማዞርና ራስን መሳት፣ ስለ ሌላ የቆየ በሽታ፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ አጥንትና መገጣጠሚያም እንዲሁ። በመጨረሻ ሐኪም «ያለ ክትትል ስፖርት እንዳትሠሪ» ብሏት እንደሆነ ይጠይቃል። ደህና ቅጽ ነው። ሰው ግን ቅጽ ሲሰጡት ቶሎ መገላገል ነው የሚፈልገው። «የለም፣ የለም» እያለ እስከ ታች ይወርዳል።

ስለዚህ ከሞላች በኋላ ቁጭ በይና በአፍሽ ጠይቂያት። «ሕመም አለብዎት?» አትበያት። «በየቀኑ የሚውጡት ነገር አለ?» በያት። «ሐኪም ዘንድ መጨረሻ የሄዱት ለምን ነበር?» በያት። እነዚህ ሁለቱ ሰባቱ ያላወጡትን ያወጣሉ።

ይህን ያህል የምጨቀጭቅሽ በምክንያት ነው። ለግፊት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች መካከል ቤታ ብሎከር የሚባሉት የልብ ምት እንደልቡ እንዳይጨምር ይይዙታል። ስቴፕ ቴስት ደግሞ ሙሉ በሙሉ የተደገፈው በልብ ምት ላይ ነው። ምቷ ዝቅ ሲል ሰንጠረዡ «እጅግ በጣም ጥሩ» ይላታል። ጥሩ የሠራው ግን ኪኒኑ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ከገጠመሽ የዕለቱን ምዘና እዚያው ታቆሚያለሽ። ከሐኪሟ ፈቃድ ይዛ እንድትመጣ ትነግሪያታለሽ። «ለፈተናው ሲባል ኪኒኑን ዛሬ ይዝለሉት» የሚል ነገር ግን በፍጹም ከአፍሽ እንዳይወጣ። ያ የሐኪሟ ሥልጣን ነው። ፈቃዱን ይዛ ስትመጣ ስዊድናዊው ጉናር ቦርግ ያወጣውን ከ6 እስከ 20 የሚሄድ የድካም መለኪያ ተጠቀሚ። ምን ያህል እንደከበዳት ራሷ በቁጥር ትነግርሻለች።

አሁን ወደ ጭቅጭቃችሁ። በ15 ሴኮንድ የቆጠራችሁትን በ4 ነው ያባዛችሁት። ስለዚህ 120 ማለት 30 ምት ነው፤ 128 ማለት 32። የተጣላችሁት በሁለት ምት ነው!

አንዷ ምት የት እንደገባች እጠረጥራለሁ። ሩጫ ሰዓቱ ሲነሳ አብሮ የመጣውን ምት አንዳችሁ «ዜሮ» ብላችኋል፣ ሌላችሁ «አንድ»። ሰዓቱን የምታስነሺው ከምቱ ጋር እኩል ከሆነ ትክክሉ «ዜሮ» ነው። ሰዓቱ ቀድሞ እየሄደ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ምት «አንድ» ይባላል። ሁለተኛዋ ምት ምናልባት የጠፋችው ጅማሬው ላይ ነው። ልብ ከልፋት በኋላ በየሴኮንዱ ይረጋጋል። አንዳችሁ የደም ሥሩን ስትፈልጉ ከዘገያችሁ የቆጠራችሁት ያረፈ ልብ ነው።

ሁለት ምት ምን ያመጣል እንዳትዪ። ኩዊንስ ኮሌጅ በሚባለው ስቴፕ ቴስት ለወንድ የሚሠራው ቀመር የልብ ምቱን በ0.42 አባዝቶ ከ111.33 ይቀንሳል፤ የሚወጣው ቁጥር ሰውነት ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛ የኦክስጅን መጠን ግምት ነው። የ8 ምት ልዩነት በ0.42 ሲባዛ 3.36 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን በኪሎ በደቂቃ ይሆናል። አንድ ሰው ወራት ለፍቶ ሊያገኘው የሚችለውን ለውጥ እናንተ በጣታችሁ ሰጣችሁት፣ ወይም ነጠቃችሁት።

እንዲህ አድርጉ። አንድ ሰው ወንበር ላይ ይቀመጥ። አንቺ ግራ እጁን፣ ጓደኛሽ ቀኝ እጁን ያዙ። በአመልካችና በመሐል ጣት ያዙት፤ አውራ ጣት የራሱ ምት ስላለው ያሳስታል። ሦስተኛ ሰው «ጀምሩ»፣ «አቁሙ» ይበላችሁ። ቁጥሩን በአፍ አትናገሩ። በየወረቀታችሁ ጻፉትና ከዚያ ገልብጡ። መጀመሪያ ሰውዬው እያረፈ፣ ቀጥሎ ትንሽ እንዲለፋ አድርጋችሁ። በአንድ ምት ልዩነት እስክትገናኙ ድረስ ቀመሩን አትንኩት። አንገት ላይ የምትቆጥሩ ከሆነ ደግሞ ጠበቅ አድርጋችሁ አትጫኑ፤ ግፊቱ ራሱ የልብ ምቱን ያወርደዋል። ሁለቱን ወገን ባንዴ መያዝማ የማይታሰብ ነው።

በነገራችን ላይ የትኛውን ስቴፕ ቴስት እንደሠራችሁ አልነገርሽኝም። የኩዊንስ ኮሌጁ ሣጥን 41.3 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው። ሥራው እንዳለቀ ተመዛኙ ቆሞ እያለ ከ5ኛው እስከ 20ኛው ሴኮንድ ይቆጠራል። ዋይ ኤም ሲ ኤ የሚባለው የሌላው ስቴፕ ቴስት ሣጥን ግን 30.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ሜትሮኖሙ (የእርምጃውን ፍጥነት በድምፅ የሚመታው መሣሪያ) በደቂቃ 96 ላይ ይሞላል፤ በአራት የሜትሮኖም ምት አንድ ዙር መውጣትና መውረድ፣ ማለትም በደቂቃ 24 ዙር። ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ሰውየው ወዲያው ይቀመጣል፤ በ5 ሴኮንድ ውስጥ ጀምረሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትቆጥሪያለሽ። የአንዱን ሣጥን ከሌላው ሰንጠረዥ ጋር ያጋባ ሰው ያገኘው ቁጥር ምንም አይነግረውም። ይህን ሲያደርጉ ያየኋቸው ጂሞች ጥቂት አይደሉም።

ጥያቄ፦ የደንበኛዬ ወገብ በስድስት ሳምንት ከ96 ወደ 95 ሴንቲ ሜትር ወረደ። እሱ በደስታ ሊያብድ ነው። እኔ ግን ተጠራጠርኩ። ቀነሰ ልበል? *ሜትር ያዡ*

መልስ፦ መጠራጠርህ ደግ ነው። መጀመሪያ መለካት ያለብህ ግን ራስህን ነው።

ዛሬ አንድ ሰው ለካ። ሜትሩን ፍታ፣ ቁጥሩን ጽፈህ ሸፍነው። ትንሽ ቆይተህ እንደገና ለካው። ነገም በተመሳሳይ ሰዓት ለካው። ይህን በጥቂት ሰዎች ላይ ስትደጋግመው የራስህን መወዛወዝ ታገኘዋለህ። በአንድ ቀን ውስጥ ሰው ወገቡ አይቀንስም፤ ስለዚህ የሚወዛወዘው በአብዛኛው ያንተ እጅ ነው። እጅህ በ2 ሴንቲ ሜትር የሚዋልል ከሆነ የደንበኛህ 1 ሴንቲ ሜትር ገና ወሬ አይደለም። በግማሽ ሴንቲ ሜትር ውስጥ የሚረጋ ከሆነ ግን አብረኸው መደሰት ትችላለህ።

እጅ የሚረጋው ቦታው ሲረጋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንቱ ጫፍ መካከል ያለውን ቦታ ነው። ሁለቱን በጣትህ ፈልግ፣ መሐሉን በእስክሪብቶ ነጥብ አድርግበት። ሜትሩ ዙሪያውን ከወለሉ እኩል ይሁን፤ ቆዳውን ይንካ እንጂ አይሰርስረው። ሰው ሜትር ሲጠጋው ሆዱን መሰብሰብ ልማዱ ነው። ዝም ብለህ ሁለት ሦስት ጊዜ እንደወትሮው እስኪተነፍስ ጠብቀው። ሲያስወጣ መጨረሻው ላይ አንብብ።

የስብ መቆንጠጫው ካሊፐር ላይም ነገሩ ያው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ቆንጥጥ። መሣሪያውን ከጣቶችህ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ አድርገህ አስቀምጥ። እያነበብክ ቁንጥጫውን እንዳትለቀው። አንድ ቦታ ሦስት ጊዜ ከመደጋገም ሁሉንም ቦታ ዞረህ ተመለስ፤ ቆዳው ፋታ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ አሟልተህም የሚወጣው የሰውነት ስብ መጠን በ3.5 በመቶ ገደማ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። «22 በመቶ» ብለህ ስትጽፍ ከ18.5 እስከ 25.5 ድረስ ያለ ሊሆን እንደሚችል እወቅ። ከመንካትህ በፊት አስፈቅድ። በሌላ ሰው መለካት የሚመርጥ ከሆነም ያለ ጭቅጭቅ ሰው ቀይርለት።

ጥያቄ፦ የቢሮ ሥራዬን ትቼ በጎልማሳነቴ ወደዚህ ሙያ የገባሁ ነኝ። ግፊት ስለካ ቁጥሩ ሁልጊዜ ከፍ ይልብኛል። ነርስ የሆነች የእህቴ ልጅ በዚያው መሣሪያ ያንኑ ሰው ስትለካው ይወርዳል። ምን እያጠፋሁ ነው? *ዘግይቶ የጀመረ*

መልስ፦ እየቸኮሉ ይመስለኛል። ሰውዬው ከበር እንደገባ ነው አይደል የሚለኩት?

አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጥ። ጀርባው ይደገፍ፣ እግሩ መሬት ይርገጥ፣ አያነባብረው። ክንዱ ጠረጴዛ ላይ በልቡ ትክክል ይረፍ። ካለፈው ግማሽ ሰዓት ወዲህ ቡና ጠጥቶ፣ አጭሶ ወይም ስፖርት ሠርቶ እንደሆነ ይጠይቁት። ሽንት ቤት መሄድ ከፈለገም ሄዶ ይምጣ። ሲለኩ ወሬ የለም፤ የእርስዎም ጭምር። ከነዚህ አንዱ እንኳ ሲጓደል ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ክንዱ ወፍራም ሆኖ መታጠቂያው ጠባብ ከሆነም እንደዚያው ነው። ውስጡ ያለው የአየር ከረጢት የክንዱን ዙሪያ 80 በመቶ መሸፈን አለበት።

በእጅ በሚነፋው የሚሠሩ ከሆነ የእጅ አንጓ ምቱን ይዘው ይንፉ። ምቱ ሲጠፋ ቁጥሩን ያስታውሱና አየሩን ሙሉ በሙሉ ያስወጡ። ጥቂት አሳርፈውት ከዚያ ቁጥር 30 ያህል ከፍ እስኪል እንደገና ይንፉ። ቀስ ብለው ይልቀቁ፤ መርፌው በሴኮንድ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይውረድ። በጆሮ ማዳመጫው የሚሰሙት የመጀመሪያው ኳ ኳ የላይኛው ቁጥር ነው፣ ድምፁ የጠፋበት የታችኛው። ሩሲያዊው ሐኪም ኒኮላይ ኮሮትኮቭ ይህን በ1905 እ.ኤ.አ. ካሳወቀ ወዲህ አሠራሩ ያው ነው። ከቸኮሉ የመጀመሪያው ድምፅ ያመልጥዎታል።

አንድ ምክር ልጨምር። መርፌው የሚዞርበት ሰሌዳ የተከፋፈለው በ2 በ2 ነው። ስለዚህ 127 ብሎ የጻፈ ሰው አላነበበም፣ ገምቷል። ሁሉንም በ0 የሚጨርስም እንዲሁ። ደብተርዎን ገልጠው የመጨረሻ አኃዞቹን ይመልከቱ።

በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ይለኩ። የላይኛው ከ200 ወይም የታችኛው ከ110 ካለፈ የዚያን ቀን ፈተና የለም፤ ሰውዬው ወደ ሐኪም ይሄዳል። ከዚያ በታች ሆኖም ከፍ ካለ ቁጥሩን ጽፈው ይስጡትና ሐኪም እንዲያየው ይንገሩት። የበሽታ ስም ግን አይስጡት። ይህ ሁሉ ከየትኛውም እንቅስቃሴ በፊት ይለቅ። ቀጥሎ ስቴፕ ቴስቱ፣ ከዚያ ፑሽ አፑ ይምጣ። ተቀምጦ እግር የመንካቱ ፈተና ሰውነት ሲሞቅ ስለሚሻል መጨረሻ ይሁን።

ጥያቄ፦ የ46 ዓመት ደንበኛዬ ለዓመታት ስፖርት አልሠራም። የጤና ቅጹ ንጹሕ ነው። በመጀመሪያው ቀን የ12 ደቂቃውን ሩጫ ካልሮጥኩ ብሎ ድርቅ አለ። ላሩጠው?

መልስ፦ አታሩጠው። ያንን ፈተና ኬኔት ኩፐር በ1968 እ.ኤ.አ. ያወጣው ከአሜሪካ አየር ኃይል ሰዎች ጋር ሠርቶ ነው። አቅምን አሟጥጦ መሮጥን ይጠይቃል። የሩጫ ልምድ የሌለው ሰው ደግሞ በመጀመሪያው ደቂቃ ይፈተለክና በአራተኛው መራመድ ይጀምራል። ያኔ የለካኸው ልቡን ሳይሆን ችኮላውን ነው። በምትኩ የሮክፖርቱን እርምጃ ስጠው። 1609 ሜትር የቻለውን ያህል ፈጥኖ ይራመድ፤ ሰዓቱንና ሲጨርስ ያለውን ምት ያዝ። ወኔውን ግን አትግደልበት፤ ለሩጫው የጥቂት ወር ቀጠሮ ስጠው።

ጥያቄ፦ አንዲት ደንበኛዬ በፑሽ አፕ «ደካማ» የሚለው ረድፍ ላይ ወደቀች። እንዴት ልንገራት?

መልስ፦ መጀመሪያ ሰንጠረዡን እይ። በብዙዎቹ የሴቶቹ ቁጥር የተሰበሰበው በጉልበት ተንበርክኮ ከተሠራ ፑሽ አፕ ነው። እሷ በእግር ጣቷ ሠርታ ከሆነ ረድፉ አይመለከታትም። ዕድሜዋንም አረጋግጥ።

ልክ ከሆነ ደግሞ «ደካማ» የሚለውን ቃል ተወው። ስንት እንደሠራች፣ በቀጣዩ ምዘና ስንት እንደምትጠብቅና እስከዚያ ምን እንደምትሠሩ ንገራት። የምትጠብቀውን ቁጥር እሷው ራሷ ብትመርጥ ይሻላል። ንግግሩ ለብቻ ይሁን፤ ጂም ውስጥ ጆሮ ብዙ ነው። ወረቀቱንም ጠረጴዛ ላይ ጥለኸው እንዳትሄድ።