ዋስ የሚሆንህ ማነው? ስለ ባክሊንክ የመጡ ሁለት ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እኔ ባሌ ሮቤ ነኝ። ከጓደኛዬ ጋር ትንሽ የአስጎብኚ ድርጅት አለን፣ እንግዳ ይዘን ሰነቴ እንወጣለን፣ ቀይ ቀበሮ እናሳያለን፣ ሐረና ጫካ እንወርዳለን። ዌብሳይት ካሰራን ሁለት ዓመት ሆነን ግን ጉግል ላይ ሲፈለግ ሦስተኛ አራተኛ ገጽ ላይ ነን፣ ከፊታችን ያሉት አብዛኞቹ ባሌን በዓመት አንዴም የማያዩ ናቸው። አሁን ቴሌግራም ላይ አንድ ልጅ 500 ባክሊንክ በ8,000 ብር እሰራልሃለሁ፣ ሁሉም ዲኤ 60 በላይ ከሆኑ ሳይቶች ነው፣ በአንድ ወር ፈርስት ፔጅ ነህ አለኝ። ልግዛ? ካልገዛሁስ ሊንክ ከየት ነው ሚመጣው?

መልስ፦ ወንድሜ አትግዛ። ምክንያቱን ረዘም አርጌ ልንገርህ፣ ምክንያቱም ይሄን ጥያቄ አብዛኛው ሰው የሚጽፍልኝ ብሩን ከከፈለ በኋላ ነው፣ አንተ ግን ቀድመህ ጠየቅክ።

ባክሊንክ ማለት ሌላ ሳይት ወዳንተ ሳይት የሚያደርገው ሊንክ ነው፣ ይሄን ሊንክ ዋስ ማለት ነው ብለህ ያዘው። ሥራ ስትቀጠር ዋስ አምጣ ትባል የለ፣ ዋሱ ደግሞ ማንም መንገደኛ አይሆንም፣ ደሞዝ ያለው፣ የሚታወቅ፣ ነገ አንተ ብትጠፋ እሱ የሚጠየቅ ሰው ነው። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ስታንፎርድ ተማሪ እያሉ በ1998 ባወጡት ጽሑፍ ያስቀመጡት ሐሳብ ከዚህ አይርቅም፤ አንድ ገጽ ወደ ሌላው ሊንክ ሲያደርግ መሰከረለት ማለት ነው፣ የምስክሩ ክብደት ደግሞ ለራሱ ለምስክሩ እነማን መሰከሩለት በሚለው ይታያል። ከዛ ወዲህ ጉግል ሌላ ብዙ መመዘኛ ጨምሯል፣ ሊንክ ብቻውን ፊት አያወጣህም፣ ግን ዋስነቱ አልቀረም።

ያ ልጅ የሚሸጥልህ 500 ዋስ ከየት መጣ? ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ ሳያድሰው ቀርቶ ሌላ ሰው ያነሳው የሞተ ዶሜይን (የዌብሳይት አድራሻ) ነው፣ ወይም ለከፈለ ሁሉ የሚለጥፍ ሳይት ነው፣ ያንተ ቀይ ቀበሮ ከቁማር ማስታወቂያና ከክብደት መቀነሻ ኪኒን መሐል ገብቶ ታገኘዋለህ። ጉግል ራንክ (በፍለጋ ውጤት ላይ ያለ ደረጃ) ለመጨመር ብሎ ሊንክ መግዛትና መሸጥን በደንቡ ከልክሏል። በሚያዝያ 2012 ፔንግዊን የሚባለውን ማጣሪያ ካወጣ በኋላ ብዙ ሳይት ወደታች ወረደ፣ ከ2016 ጀምሮ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሊንክ በአብዛኛው ዝም ብሎ አይቆጥረውም። ማለትም 8,000 ብርህ ውሃ በላው ማለት ነው። ከባሰም የጉግል ሠራተኛ አይቶት በእጅ ቅጣት ይጥልብሃል።

ትልልቆቹም አልቀረላቸውም። በ2011 ጄሲ ፔኒ የሚባለው የአሜሪካ የሱቅ ድርጅት ቀሚስ ብለህ ብትፈልግ አንደኛ፣ አልጋ ልብስ ብትል አንደኛ ነበር፣ ኒውዮርክ ታይምስ ሲያስመረምር ከልብስ ጋር ምንም በማይገናኙ ሳይቶች ላይ በብዛት የተተከለ ሊንክ ተገኘ፣ ኩባንያው እኔ አላዘዝኩም ቢልም ጉግል ቀጣው፣ አንደኛ የነበረባቸው አንዳንድ ቃላት ላይ ከ60ኛ በታች ሄደ። በ2013 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ አበባ የሚሸጠው ኢንተርፍሎራ በየአካባቢው ጋዜጣ የተከፈለበት ጽሑፍ ከነሊንኩ አስወጥቶ፣ የእናቶች ቀን ሊደርስ ሳምንታት ሲቀሩት በገዛ ስሙ ስትፈልገው እንኳን የማይገኝ ሆኖ ነበር። ይሄን ያነሳሁት እኛ ጋም "ዜና ሳይት ላይ አርቲክል እናወጣልሃለን" የሚሉ ስላሉ ነው። ለማስታወቂያ ከፍለህ ማውጣት መብትህ ነው፣ ግን ሊንኩ ስፖንሰርድ የሚል ምልክት ኮዱ ውስጥ ይግባበት።

ዲኤ የሚሉት ቁጥርም አያሳስትህ። ሞዝ የሚባል ኩባንያ ስለ ሳይት ጥንካሬ በራሱ ስሌት የሚያወጣው ግምት እንጂ ጉግል ለራንክ የሚጠቀምበት አይደለም።

እሺ ከየት ይምጣ? መጀመሪያ ያለህን አትጣ። ዌብሳይቱን በሁለት ዓመት ውስጥ አሳድሰኸው ታውቃለህ? አዲስ ዲዛይነር ሲመጣ የገጾቹን አድራሻ ይቀያይርና ድሮ ሊንክ ያደረገልህ ሰው ሁሉ ባዶ ገጽ ላይ ይወድቃል። እኔ ራሴ የአንድ ዕቃ ሻጭ ሳይት ስሠራ ይሄን አጥፍቻለሁ፣ ሦስት ዓመት የተጠራቀመ ሊንክ በአንድ ሌሊት ሜዳ ላይ ቀረ፣ ያወቅኩትም ደንበኛው ስልክ መቀነሱን ሲነግረኝ ነው። ሰርች ኮንሶል የሚባለው የጉግል መሣሪያ ነፃ ነው፣ ግባና ሊንክስ የሚለውን ተመልከት፣ ማን ወዴት ሊንክ እንዳደረገልህ ያሳይሃል፣ ከዛ የጠፋውን አሮጌ አድራሻ ወደ አዲሱ በ301 (ቋሚ ማዞሪያ ማለት ነው) አዙረው።

ቀጥሎ የሚያውቁህ ሰዎች አሉ። እንግዳ የምታሳድርበት ሎጅ፣ መኪና የምትከራየው ሰው፣ ከውጭ እንግዳ የሚልክልህ ኤጀንት፣ እነዚህ ዌብሳይት ካላቸው "ባሌ ላይ አብረውን የሚሠሩ" ብለው ቢጽፉህ እውነት ነው የጻፉት። ደግሞ የድርጅትህን ስም በትእምርተ ጥቅስ አርገህ ጉግል ላይ ፈልገው፣ ስምህን ጠቅሶ ሊንክ ያላደረገ እንግዳ አታጣም፣ አመስግነህ ጠይቀው፣ አብዛኛው እሺ ይላል።

ዋናው ግን ያለህ እውቀት ነው፣ እዚህ ጋ ልብ በል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023፣ በኛ 2016 እንደገባ፣ የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኗል። በዓለም ካለው ቀይ ቀበሮ ከግማሽ በላዩ እዛው ነው ያለው። ስለዚህ ፈረንጁ ይጽፋል፣ ወፍ ተመልካቹ ይጽፋል፣ የቡና ሰዎች ስለ ሐረና ዱር በቀል ቡና ይጽፋሉ፣ ሲጽፉ ደግሞ የሚጠቅሱት ነገር ይፈልጋሉ፣ የሚያገኙት ግን እርስ በርሱ የተገለበጠ "ውቢቷ ባሌ" የሚል ገጽ ነው። ያንተም ሳይት አሁን እንደዛ ሳይሆን አይቀርም።

አንተ ሌላው የማያውቀውን ታውቃለህ። ከአዲስ አበባ የፓርኩ ዋና ቢሮ እስካለበት ዲንሾ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ በአሰላና በዶዶላ ሲኬድ መንገዱ የቱ ጋ ነው የተበላሸው፣ ናፍጣ የት ነው በደህና የሚገኘው፣ ለስካውትና ለፈረስ ዘንድሮ ስንት ይከፈላል፣ ሰነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ በበጋ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳልና ምን ዓይነት ስሊፒንግ ባግ ያዋጣል፣ ቀበሮው ፍልፈል ሲያድን በስንት ሰዓት የት ጋ ቢቆሙ ይታያል። ይሄን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ በእንግሊዝኛ ጻፈው፣ ከላይ ያደስክበትን ቀን አስቀምጥ፣ ዋጋ ሲቀየር አንተም ቀይረው። የሰዓታችንንም ነገር ጨምርበት፣ ሾፌሩ "12 ሰዓት እንነሳ" ሲለው እንግዳው እኩለ ቀን የሚመስለው ስንቱ ነው። እንዲህ ያለ ገጽ ካለህ ጉዞውን የሚጽፍ ሰው ዝርዝሩን ከመድገም ወዳንተ ይልካል፣ ሊንክ ማለት በቃ ይሄ ነው።

ፎቶም አለህ። ለ500 ሊንክ የምታወጣውን ብር ለናፍጣና ለስንቅ አርገውና ሁለት ሦስት ሌሊት ሰነቴ ላይ እደር፣ ጥሩ የቀበሮ ፎቶ አንሳ፣ ከዛ "ስሜን ጠቅሳችሁ፣ ወደ ሳይቴ ሊንክ አድርጋችሁ በነፃ ተጠቀሙ" በል። ለጽሑፋቸው ፎቶ የሚቸግራቸው ጸሐፊዎችና ተመራማሪዎች አሉ።

ገጹ ካለቀ በኋላ ጻፍላቸው። ለ200 ሰው አንድ ዓይነት ኢሜይል አትላክ፣ አስር ሰው ይበቃል፣ የጻፉትን አንብበህ፣ "እገሌ ገጽህ ላይ ስለ ባሌ መንገድ ያስቀመጥከው ሊንክ አይከፍትም፣ ድርጅቱ ተዘግቷል፣ እኔ እዚሁ ሮቤ ነው የምኖረው፣ አዲሱን መረጃ እዚህ ጽፌዋለሁ" ብለህ፣ አራት መስመር። ስለ ኢትዮጵያ ጉዞ የተጻፉ የቆዩ ገጾች የሞተ ሊንክ የሞላባቸው ናቸው፣ ባለቤቶቹም ሲነገራቸው ደስ ይላቸዋል። ካልመለሱልህ ከሳምንት በኋላ አንዴ ብቻ አስታውስና ተዋቸው።

አንዳንዱ ሊንክ ኖፎሎው ይሆናል፣ ኮዱ ውስጥ ለጉግል "ይሄን ሊንክ እንደ ምስክርነት አትቁጠረው" የሚል ምልክት አለበት ማለት ነው፣ ዊኪፔዲያ ለምሳሌ ወደ ውጭ የሚያወጣው ሁሉ እንደዛ ነው። አትናቀው። ምልክቱ በ2005 ሲመጣ ጉግል ጨርሶ አይቆጥረውም ነበር፣ ከ2019 ወዲህ ግን እንደ ፍንጭ ነው የምናየው ብለዋል፣ ደግሞም በሊንኩ ገብቶ ቡክ የሚያደርግ እንግዳ ኖፎሎው ይሁን አይሁን የት ያውቃል። በአንድ ወር ግን አትጠብቅ፣ ወራት ይፈጃል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ልጄ። ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ፣ ይሄን የምትጽፍልኝ ልጄ ናት። አንድ ድርጅት በየወሩ 300 ዶላር ክፈዪንና ሊንክ እንሠራልሻለን ይለኛል። ያስፈልገኛል?

መልስ፦ እትዬ፣ ይሄ ወጪ ይቅርብዎ። ለምግብ ቤት ከሊንክ በፊት ጉግል ካርታ ላይ ያለው የቢዝነስ ፕሮፋይልዎ ነው የሚቀድመው፤ ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ የሚከፍቱበት ሰዓት ዌብሳይትዎ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን፣ ደንበኛ ሪቪው ሲጽፍ ይመልሱለት። ሊንኩን ደግሞ ከሚያውቁዎት ሰፈር ያግኙት፣ ለትምህርት ቤት ዝግጅት ወይ ለቤተ ክርስቲያን በዓል ምግብ ካቀረቡ ገጻቸው ላይ ስምዎን ከነሊንኩ እንዲያስገቡ ይጠይቁ። በነፃ በልቶ ስለ እርስዎ የሚጽፍ ሰው ከመጣ በነፃ መብላቱን ይግለጽ፣ ሊንኩንም ስፖንሰርድ ያድርገው፣ አሜሪካ ውስጥ መግለጹ ሕግም ነው።

አንድ ነገር ግን ልለምንዎት። ሜኑዎን ፎቶ አንስተው ብቻ ከለጠፉት ጉግል በደንብ ላያነበው ይችላል። በተለይ የጾሙን ምግብ፣ ሽሮውን፣ ምስር ወጡን፣ ጎመኑን፣ አንድ ገጽ ላይ በጽሑፍ ያስቀምጡት፣ ምን እንደገባበት ጭምር፣ ጤፉ ንጹሕ ነው ወይስ ስንዴ ወይ ገብስ ተቀላቅሎበታል የሚለውንም በግልጽ። ሥጋና ወተት የማይነኩ አሜሪካኖች የት እንብላ ብለው ዝርዝር የሚያወጡት እንዲህ ያለ ገጽ ሲያገኙ ነው። ልጅዎ ዛሬ ማታ ተቀምጣ ብትጀምረው ለነገ ይደርሳል።