የሐሞት ጠጠር ያለባት አስታማሚ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በመኪና አደጋ የጭን አጥንቱ ተሰብሮ አልጋ ላይ ከዋለ ወዲህ የማነሣውም የማገላብጠውም እኔ ነኝ። በአልትራሳውንድ የሐሞት ጠጠር ተገኝቶብኝ ቀዶ ሕክምና ታዞልኛል፤ እርሱን ለማን ትቼ ልተኛ?

መልስ፦ እኅታችን፣ እግዚአብሔር ሁለታችሁንም ይማራችሁ። ቅባት የበዛበት ምግብ ሲበሉ የሐሞት ከረጢቱ ይኮማተራል፤ ጠጠሩ መውጫውን ሲዘጋው ከቀኝ ጎን ተነሥቶ እስከ ትከሻ የሚዘልቀው ሕመም ይቀሰቀሳል። ስለዚህ ቅቤና ጮማ መቀነስ፣ ለእርሱ ሾርባ ሲያቀርቡም የራስዎን ምሳ አለመዝለል ይረዳል፤ ጠጠሩን ግን አያጠፋውም። ቀጠሮውን እንዲያራዝሙ አልመክርዎትም፤ ሌሊት በድንገት ተይዘው ከመግባት ተዘጋጅተው መግባት ለባለቤትዎም ይሻላል። በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ የሚሠራው ቀዶ ሕክምና ብዙውን ጊዜ ሆስፒታል ብዙ አያስተኛም፤ ሆኖም ለተወሰኑ ሳምንታት ከባድ ነገር ማንሣት ስለማይፈቀድ፣ ባለቤትዎን ከአልጋ ወደ መጸዳጃ የሚደግፍ ጉልበት ያለው ዘመድ ወይም ጎረቤት ከወዲሁ ይለምኑ፤ ለሐኪምዎም በቤትዎ የሚያስታምሙት ሰው እንዳለ ይንገሩ። ሕመሙ ለሰዓታት አልተው ካለ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ወይም ዐይንዎ ቢጫ ከሆነ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።