የድሮ የብሎን ቀዳዳ በጀልባ ላይ ስለመድፈን

ወንድሜ፣ ከፋይበርግላስ ጀልባህ ኋላ፣ ከውሃ በታች የቀሩትን የብሎን ቀዳዳዎች በሲሊኮን ልድፈናቸው ወይ ብለሃል። እባክህ ተወው! ሲሊኮን ውሎ አድሮ ይለቃል፤ ቅሪቱም ኢፖክሲ (ከማጠንከሪያው ጋር ሲቀላቀል የሚደርቅ ጠንካራ ሙጫ) እንዳይይዝ ያደርጋል።

ዋናው ጉዳይ እርጥበት ነው። የብዙ ጀልባዎች የኋላ ግድግዳ ውስጡ ኮምፔርሳቶ ነው፤ ውሃ ከገባበት ይበሰብሳል። በፑንታ ትንሽ ስትበሳው ጥቁርና እርጥብ ብናኝ ከወጣ አትድፈን። መጀመሪያ የበሰበሰው ይውጣ፣ ይድረቅ። ይሄን ዘለህ ከደፈንክ እርጥበቱን ውስጥ ቆለፍክበት ማለት ነው።

ደረቅ ከሆነ የቀዳዳውን አፍ አስፋና በአሴቶን ጥረገው። ቀጭን ኢፖክሲ አጠጣው። ከዚያ በሲሊካ ዱቄት ያወፈርከውን በሲሪንጅ ከውስጥ ወደ ውጭ ሙላ፤ አየር አይቀርም። ዱቄቱን ስታደባልቅ ማስክ አድርግ። ሲጠነክር በብርጭቆ ወረቀት አስተካክለህ ቀባው። የመኪና ስቱኮ ውሃ ስለሚመጥ ለዚህ ቦታ አይሆንም።