ወይን ቀምሶ መትፋት ነውር ነው ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን ሰነበቱ? ሰሞኑን ርካሽ ቀይ ወይን ገዝቼ ማታ ማታ ቤቴ ጣዕም መለየት እየተለማመድኩ ነው። እንዳልሰክር ብዬ የቀመስኩትን እተፋዋለሁ። ጓደኛዬ ግን «ጌታ ደሜ ነው ያለውን ወይን እንዴት ትተፊያለሽ?» ብላ አስደነገጠችኝ። በድያለሁ?

መልስ፦ እኅቴ፣ አልበደልሽም። ጓደኛሽ ለቅዱስ ቁርባን ያላት ክብር ደስ ይላል፤ ነገሩ ግን ተምታቶባታል። ወይኑ የጌታ ደም የሚሆነው በመሠዊያው ላይ፣ በቅዳሴው ጸሎት፣ በመንፈስ ቅዱስ ነው። ያንቺ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ወይን ነው፣ በቃ። የዳቦ ፍርፋሪ ከጠረጴዛ ላይ ስትጠርጊ ሥጋውን ጣልኩ ብለሽ አትጨነቂም አይደል?

ማጣጣሙም በራሱ ኃጢአት አይደለም። በቃና ዘገሊላ ሰርግ ላይ አሳዳሪው መልካሙን ወይን ከመናኛው የለየው ቀምሶ ነው (ዮሐ. 2፥9-10)። ከየት እንደመጣ እንኳ አያውቅም ነበር። ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር ይገርመኛል፤ ስለ ተአምሩ ምንም ያልሰማ ሰው በምላሱ ብቻ መሰከረ!

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ጠርሙሱ። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ይይዛል፣ አልኮሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 14 በመቶ ነው። ለመቅመስ የሚበቃሽ ደግሞ ሁለት ሦስት ጉንጭ ነው። ብርጭቆውን ነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል አድርገሽ ቀለሙን አየሽ፣ ወዝወዝ አድርገሽ አሸተትሽ፣ ተጉመጠመጥሽው፣ ከወይኑ ልጣጭና ዘር የሚመጣው ታኒን የሚባለው ነገር ድድሽን ጭምድድ ሲያደርገው ለየሽው፣ ተፋሽው። ከዚያስ? የቀረው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ መሽቷል፣ ብቻሽን ነሽ። ከተከፈተ በጥቂት ቀን ስለሚኮመጥጥ «ከሚበላሽ ልጨርሰው» የምትል ሐሳብ ትመጣለች። ርካሽ ስለሆነ ደግሞ ነገ ሌላ መክፈት አይከብድም።

ምሳሌ 23 የሚያስጠነቅቀን ይህንኑ ነው። ወይኑ ሲቀላና በብርሌ ሲያንጸባርቅ አትመልከት ይላል፤ ልክ አንቺ ወረቀቱ ላይ የምታይውን ውበት ማለት ነው። ግን ከፍ ብለሽ ቁጥር 30ን አንብቢ፤ የሚናገረው ወይን በመጠጣት ስለሚዘገዩ ሰዎች ነው። መዘግየቱ ነው ሰውን የሚይዘው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። የምትቀምሽውን ያህል ቀድተሽ፣ ገና አንድ ጉንጭ ሳትይዢ ጠርሙሱን ከድነሽ ከዓይንሽ አርቂው። መትፋቱን አትተዪ፣ እንዲያውም ጥሩ ልማድ ነው። የሚያምኑት ሰው አብሮ ቢኖር ይሻላል። ቤት ውስጥ መጠጥ ለማቆም የሚታገል ሰው ካለ ግን ፊቱ አትክፈቺው (ሮሜ 14፥21)። አንቺም ከዚህ በፊት መጠጥ አስቸግሮሽ ከነበረ ልምምዱ ይቅርብሽ፤ ይህን የምልሽ ስለምሳሳልሽ ነው።

አንድ ነገር ግን በጥያቄሽ ውስጥ አላየሁም። እስካሁን ከከፈትሻቸው ጠርሙሶች የተረፈው ወይን የት ገባ? መልሱን ለንስሐ አባትሽ ሳትደብቂ ንገሪያቸው።