አንዱን ሥርዓት ከመበታተናችሁ በፊት

በውጭ አገር በሶፍትዌር ሙያ የተሰማራችሁ ወይም ወደ ሙያው ለመግባት የምትዘጋጁ ወገኖቼ ከምታቀርቡልኝ ጥያቄዎች መካከል የሚበዛው «ማይክሮሰርቪስን ከየት ልጀምር?» የሚለው ነው። ማይክሮሰርቪስ ማለት አንድን ትልቅ ፕሮግራም ሰርቪስ በሚባሉ፣ በኔትወርክ በሚነጋገሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች ከፋፍሎ መሥራት ነው። ብዙ የሥራ ማስታወቂያዎች ቃሉን ስለሚጠቅሱት ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ አብዛኞቻችሁ የምትጠብቁት መልስ የመሣሪያ ስም መሆኑን አያለሁ፤ ዶከር፣ ኩበርኔቲስ ወይም ካፍካ እንድላችሁ ትፈልጋላችሁ። መሣሪያዎቹ በኋላም ይደረስባቸዋል። መጀመሪያ መረዳት ያለባችሁ አንድን ሥርዓት ስትከፋፍሉት ምን እንደምታጡ ነው።

በአንድ ፕሮግራም ውስጥ አንዱ ፈንክሽን ሌላውን ሲጠራ ወይ መልስ ያገኛል ወይ ስሕተት ይደርሰዋል። ሁለቱን ለያይታችሁ በኔትወርክ እንዲነጋገሩ ስታደርጉ ግን ሦስተኛ ሁኔታ ይፈጠራል፤ መልስ አይመጣም፣ ጥያቄው ይድረስ አይድረስም አይታወቅም። ጥያቄው መንገድ ላይ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፣ ሥራው ተሠርቶ መልሱ ጠፍቶም ሊሆን ይችላል፣ ወይም ተቀባዩ ገና እየሠራ ይሆናል፤ ጠሪው ግን ሦስቱን የሚለይበት መንገድ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1994 በሰን ማይክሮሲስተምስ ይሠራ የነበረው ፒተር ዶይች አዲስ ጀማሪዎች የሚሳሳቱባቸውን ግምቶች ሲዘረዝር «ኔትወርኩ አስተማማኝ ነው» የሚለውን በመጀመሪያ ማስቀመጡ ያለ ምክንያት አልነበረም።

እኔ ይህን የተማርኩት በገንዘብ ነው፤ ደግነቱ ገንዘቡ የእኔ አልነበረም። ስሙን በማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት ሳለሁ የትእዛዝ ሰርቪሱ የክፍያ ሰርቪሱን ይጠራና በሁለት ሴኮንድ ውስጥ መልስ ካላገኘ ደግሞ እንዲሞክር አድርጌ ጽፌ ነበር። አንድ ቀን የክፍያ ሰርቪሱ ዘገየ እንጂ አልወደቀም፤ የመጀመሪያውንም ሁለተኛውንም ጥያቄ ተቀብሎ ፈጸማቸው፣ ደንበኞችም ለአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ከፈሉ። ኮዱን መስመር በመስመር ብታነቡት ስሕተት አታገኙበትም ነበር። መፍትሔው ጠሪው ለእያንዳንዱ ክፍያ አንድ ልዩ ቁልፍ አመንጭቶ በድጋሚ ሙከራም ጊዜ ያንኑ ቁልፍ እንዲልክ፣ ተቀባዩም ቁልፉን ከክፍያው ጋር መዝግቦ ዳግመኛ ሲያየው አዲስ ሥራ ሳይሠራ የቀድሞውን መልስ እንዲመልስ ማድረግ ሆነ። ባለሙያዎቹ አይደምፖተንሲ የሚሉት ይህ ነው። ከዚህ ትምህርት አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን እንድትይዙ እመርጣለሁ።

የጊዜ ገደብም እንዲሁ ነው። የፓይተን ሪኩዌስትስ ላይብረሪም ሆነ የጎ ቋንቋ መደበኛ የኤችቲቲፒ ደንበኛ ገደብ ካላበጃችሁላቸው ያለ ማብቂያ ይጠብቃሉ፤ ስለዚህ አንዱ ሰርቪስ ሲዘገይ ጠሪዎቹ ሁሉ እየጠበቁ ይታፈናሉ። ገደብ አበጅታችሁ ድጋሚ ሙከራ ስትጨምሩ ደግሞ ሒሳቡን ሥሩ። ተከታትለው የሚጠራሩ ሦስት ደረጃዎች እያንዳንዳቸው ሦስት ጊዜ ቢሞክሩ፣ አንድ የተጠቃሚ ጥያቄ ከሥር ባለው ዳታቤዝ ላይ 27 ጥሪ ሊሆን ይችላል፤ ያውም ዳታቤዙ በደከመበት ሰዓት። ስለዚህ ድጋሚ ሙከራ በአንድ ደረጃ ላይ ብቻ ይሁን፤ በሙከራዎቹ መካከል ያለው ጊዜ እየረዘመ ይሂድ፣ ሁሉም ጠሪዎች በአንድ ቅጽበት ተመልሰው እንዳይመጡም ትንሽ የዘፈቀደ ልዩነት ይኑረው። የተጠሪው ውድቀት ሲደጋገም ደግሞ መጥራቱን ለጊዜው የሚያቋርጥ ሰርኪት ብሬከር አስቀምጡ።

ሌላም ሒሳብ አለ። እያንዳንዳቸው 99.9 በመቶ የሚሠሩ አሥር ሰርቪሶች አንዱ ሌላውን እየጠበቀ በተርታ ቢጠራሩና ውድቀታቸው የተናጠል ቢሆን፣ ሙሉው መንገድ የሚሠራው 99 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በ30 ቀን ሲታሰብ ለአንዱ ወደ 43 ደቂቃ የነበረው መቋረጥ ለጠቅላላው ወደ 7 ሰዓት ይደርሳል። ተጠቃሚው መልሱን ወዲያው የማይፈልገውን ሥራ፣ ለምሳሌ የኢሜይል ማሳወቂያን፣ መልእክቶች ተቀባዩ እስኪያነሣቸው በሚቆዩበት በመልእክት ወረፋ በኩል ማሳለፍ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የመረጃው ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ ሰርቪስ የራሱ ዳታቤዝ ይኑረው ይባላል፣ እውነትም ነው፤ ሁለት ሰርቪሶች አንድን ሰንጠረዥ በጋራ የሚጽፉበት ከሆነ የከፋፈላችሁት ኮዱን እንጂ ሥርዓቱን አይደለም። ነገር ግን ዳታቤዙ ሲለያይ «ሁሉም ይፈጸም ወይም ሁሉም ይሰረዝ» የሚለው የትራንዛክሽን ዋስትና አብሮ ይሄዳል። በምትኩ የሚሠራበት አንዱ መንገድ የኮምፒውተር ተመራማሪዎቹ ሄክተር ጋርሲያ-ሞሊና እና ኬኔት ሳሌም እ.ኤ.አ. በ1987 ለረጅም ትራንዛክሽኖች ያቀረቡት ሳጋ ነው፤ ሥራው በትንንሽ እርምጃዎች ይከፈላል፣ ለእያንዳንዱ እርምጃም የሚያካክሰው ተቃራኒ እርምጃ ይዘጋጃል። ክፍያው ተሳክቶ ዕቃው ከጠፋ ገንዘቡ ይመለሳል። በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የተላከ ኢሜይል ተመልሶ አይመጣም፣ ገንዘብ መመለሱ ራሱ የማይሳካበት ጊዜም አለ። ዳታቤዝ ላይ ጽፎ ወዲያው መልእክት መላክም ወጥመድ ነው፤ በሁለቱ መካከል ፕሮግራሙ ቢሞት አንዱ ሆኖ ሌላው ይቀራልና። ስለዚህ መልእክቱን በዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ አውትቦክስ በሚባል ሰንጠረዥ ጻፉት፤ ከዚያ እያነሣ የሚልክ ሌላ ሂደት ይኑር። ይህ ሂደት አንዱን መልእክት ሁለት ጊዜ ሊልክ ስለሚችል ተቀባዩ ድግግሞሽን መቻል አለበት፤ ተመልሰን የደረስነው ወደዚያው ቁልፍ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ወጪ ለምን ይከፈላል? ዋናው ምክንያት ብዙ ጊዜ ከማሽኑ ይልቅ ሰዎቹ ናቸው። የኮምፒውተር ባለሙያው ሜልቪን ኮንዌይ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ ድርጅቶች የሚነድፉት ሥርዓት የራሳቸውን የግንኙነት መዋቅር እንደሚመስል አመልክቷል። ብዙ ቡድኖች በአንድ ኮድ ላይ ሲጠባበቁና አንዱ ሳይጨርስ ሌላው አዲስ ሥራውን ለተጠቃሚ መልቀቅ ሲያቅተው ሥርዓቱን መከፋፈሉ ትርጉም ይኖረዋል። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2008 ዳታቤዙ ተበላሽቶበት ለሦስት ቀናት ዲቪዲ ለደንበኞቹ መላክ ካልቻለ በኋላ ነው ወደ ክላውድና ወደ ማይክሮሰርቪስ መሸጋገር የጀመረው፤ ሽግግሩ እስከ 2016 መጀመሪያ ድረስ ወስዶበታል። በአንጻሩ የአማዞን ፕራይም ቪዲዮ አንድ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2023 እንደገለጸው፣ የቪዲዮ ጥራት መከታተያውን ተበታትኖ ከነበረበት ወደ አንድ ሂደት ሰብስቦ የመሠረተ ልማት ወጪውን ከ90 በመቶ በላይ ቀንሷል። አምስት አልሚዎች ሃያ ሰርቪስ ሲያስተዳድሩ ስመለከት ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው አባባል ይታወሰኛል። አንዱን ሰርቪስ ለመልቀቅ ሌሎች ሦስቱን አብሮ መልቀቅ ግድ ከሆነባችሁ ያላችሁ የተበታተነ ሞኖሊት (ሳይከፋፈል በአንድነት የሚለቀቅ ፕሮግራም) ነው፤ የሁለቱን ወገን ችግር ይዛችሁ የአንዱንም ጥቅም አላገኛችሁም።

ማስተዳደሩ ከመሥራቱ ይበልጣል። ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ እያንዳንዱ የውጭ ጥያቄ መለያ ቁጥር ይሰጠው፤ ቁጥሩም በሚያልፍባቸው ሰርቪሶች ሎግ (የሥራ መዝገብ) ሁሉ ውስጥ ይጻፍ። ጉግል ዳፐር የተባለውን የጥሪ መከታተያ ሥርዓቱን እ.ኤ.አ. በ2010 ከገለጸ ወዲህ አሠራሩ ተስፋፍቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ኦፕንትሬሲንግ እና ኦፕንሴንሰስ የተባሉት ፕሮጀክቶች ተዋሕደው የመሠረቱትን የጥሪ መከታተያ መሣሪያ ኦፕንቴሌሜትሪን ብትማሩ ከአንድ ሻጭ ጋር አትታሰሩም። ኤፒአይ (ሌሎች ፕሮግራሞች ሰርቪሱን የሚጠሩበትን መንገድ) ስትለውጡ ደግሞ አዲሱን መስክ ጨምሩ፣ ጠሪዎች ሁሉ እስኪሻገሩ ጠብቁ፣ አሮጌውን በመጨረሻ አንሡ። ዶከርንና ኩበርኔቲስን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ኮንቴይነር ምን እንደሆነ፣ ፖድ (ኩበርኔቲስ ኮንቴይነሮችን የሚያስኬድበት ትንሹ ክፍል) ለምን እንደሚሞትና እንደሚነሣ፣ የጤና ፍተሻ ምን ማረጋገጥ እንዳለበት ካወቃችሁ ቀሪውን ሥራው ያስተምራችኋል።

በሥራ ቦታ የሚገጥማችሁን አንድ ነገር ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። በሰው አገር ቋንቋ የምንሠራ ብዙዎቻችን የሌሊት ተረኝነትን እንሸሻለን፤ ሥርዓቱ ወድቆ ሁሉም በአንድ ጊዜ በፍጥነት ሲናገር መከተል ያስፈራልና። እኔም ሸሽቻለሁ፣ አንድ ዓመትም አባክኛለሁ። ልምድ ካለው ተረኛ ጎን በተመልካችነት ለመቀመጥ ራሳችሁ ጠይቁ፤ ችግር ሲፈጠርም በጽሑፍ መነጋገሪያው ላይ ያያችሁትንና ያደረጋችሁትን ከነሰዓቱ መዝግቡ። የሚያስፈልገው አጭር ዐረፍተ ነገር ነው፣ አነጋገር አይጠይቅም፤ በማግስቱ የችግሩ ሪፖርት ሲጻፍ ሁሉም የሚመለከተው ያንን መዝገብ ነው። በቃለ መጠይቅ ሥርዓት ንደፉ ስትባሉም ሃያ ሳጥን ከመሣል በአንድ ሰርቪስ ጀምራችሁ በምን ምልክት እንደምትከፋፍሉት አስረዱ።

ለልምምድ በገዛ ኮምፒውተራችሁ ላይ የትእዛዝ፣ የክፍያና የማሳወቂያ ሦስት ሰርቪሶችን ሥሩ። ጥያቄ በመካሄድ ላይ ሳለ የክፍያውን ሰርቪስ ግደሉትና መልሳችሁ አስነሡት። ትእዛዙ ጠፍቷል፣ ተደግሟል ወይስ በመጠባበቅ ላይ ነው? ኮዱን ሳትከፍቱ መልሱን ከሎጉ ብቻ ማወቅ እስክትችሉ ድረስ አራተኛ ሰርቪስ አትጨምሩ።