«እጁ እንጂ ጭንቅላቱ አይሠራም» የተባለው ልጅ

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ትልቋ 10ኛ ክፍል ናት፤ ከ3ኛ በታች ወጥታ አታውቅም። ታናሽ ወንድሟ 13 ዓመቱ ነው። እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ ሲማር መካከለኛ ነበር፤ ዘንድሮ 7ኛ ገብቶ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሆን ከ54 ተማሪ 47ኛ ወጣ። ሒሳብ ከ100 ያመጣው 31 ነው። ቤት ውስጥ ግን የተበላሸ ሬዲዮ ፈታትቶ ይጠግናል። በሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ መቺው እሱ ነው፤ ረጅም መዝሙር ሁለቴ ከሰማ ይይዘዋል። ባለቤቴ «እጁ እንጂ ጭንቅላቱ አይሠራም፤ እህትህን አታይም?» እያለ ይሰድበዋል፣ አንዳንዴም ይመታዋል። ከትምህርት አውጥተን ሙያ እናስይዘው ይላል። እኔ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ፈተና አስሞልቼው «በእንቅስቃሴ የሚማር» የሚል ውጤት ወጣ። መምህሮቹ በዚያ መንገድ ብቻ እንዲያስተምሩት ልጠይቅ? በዚህ ጉዳይ ከባለቤቴ ጋር ከተኳረፍን ሁለት ሳምንት ሆነን።

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ በመጀመሪያ ከባለቤትዎ አነጋገር ልነሳ። ልጅዎ ሬዲዮ ሲከፍት የትኛው ብሎን ከየት እንደወጣ በአእምሮው ይይዛል፤ ኃይሉ የት ጋ እንደተቋረጠ ይገምታል፤ ግምቱን ይሞክራል፤ ካልሆነ ሌላ ይሞክራል። ይህ ሁሉ የጭንቅላት ሥራ ነው። በዚያ ላይ ዕለት ዕለት «አይሠራም» የሚባል ልጅ ውሎ አድሮ ያምነዋል፤ ያመነ ዕለት ደግሞ መሞከሩን ያቆማል።

የሃርቫርዱ የሥነ ልቦና ምሁር ሃዋርድ ጋርድነር በ1983 እ.ኤ.አ. የሰው ብልህነት አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም ብሎ ሲነሳ ሰባት ዓይነት ዘርዝሮ ነበር፤ ተፈጥሮን የማስተዋል ችሎታን በኋላ ጨመረበት። ትምህርት ቤቶቻችን በማርክ የሚለኩት በአብዛኛው የቋንቋውንና የሒሳቡን ነው። የዜማ፣ የቅርጽና የቦታ፣ የእጅና የአካል፣ ከሰው ጋር የመግባባት ችሎታ ሪፖርት ካርድ ላይ ቦታ የለውም። ስለዚህ እርስዎ በልጅዎ ያዩት ነገር በእርግጥ አለ።

ነገር ግን ያ የኢንተርኔት ፈተና አሳስቶዎታል። «ይህ ልጅ የሚማረው በእንቅስቃሴ ብቻ ነው» የሚለው አባባል የጋርድነር አይደለም፤ የብልህነት ዓይነትንና «የመማሪያ ዓይነት» የሚባለውን ሰዎች እያምታቱት እንደሆነ ራሱ ጽፏል። በ2008 እ.ኤ.አ. አራት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በዚህ ላይ የተሠሩትን ጥናቶች መርምረው፣ ትምህርቱን ከልጁ «የመማሪያ ዓይነት» ጋር ማዛመድ ውጤት እንደሚያሻሽል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኙም። ጉዳቱም ቀላል አይደለም፤ ልጁ «በእንቅስቃሴ የሚማር» የሚለውን ስም ይዞ «እኔ በንባብ አልማርም» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። የሚመጣው ዓመት የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ የሚቀርብለት ግን በወረቀት ነው። ስለዚህ መምህሮቹን ያንን አይጠይቋቸው። ጥንካሬው ወደ ትምህርቱ መግቢያ በር ይሁነው፤ ከገባ በኋላ ግን ወደ ወረቀቱ መድረስ አለበት።

ከሁሉ አስቀድሞ ችግሩ የት ጋ እንዳለ ይለዩ። ከደብዳቤዎ ዓይኔን የሳበው 6ኛና 7ኛ ክፍል መካከል ያለው ገደል ነው። የአንድ ልጅ ጭንቅላት በአንድ ክረምት አይደነዝዝም፤ የተለወጠው ቋንቋው ነው። ከሒሳብ መጽሐፉ 10 ጥያቄ ይምረጡና በእንግሊዝኛ እንዳሉ ያሠሩት። ከሦስት ቀን በኋላ ቁጥሮቹን ብቻ ቀያይረው እነዚያኑ ጥያቄዎች በአማርኛ ይስጡት። በእንግሊዝኛው 3፣ በአማርኛው 7 ወይም 8 ካገኘ ሒሳቡን ያውቃል፤ የከበደው ጥያቄውን መረዳት ነው። በሁለቱም 3 ካገኘ ክፍተቱ ከታች ክፍል የመጣ ነው። በዚያው ሰሞን ከ4ኛ ክፍል የአማርኛ መጽሐፍ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብልዎ። ፊደል በፊደል እየለቀመ ካነበበ ነገሩ ሌላ ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ቋንቋው ከሆነ፣ ባለፈው ዓመት «ላዕል» እና «ታህት» ብሎ የተማረው ልጅ ዘንድሮ «ኒውመሬተር» እና «ዲኖሚኔተር» ሲባል ቃሉ ከሚያውቀው ነገር ጋር አይገናኝለትም። አንድ ትንሽ ደብተር ይግዙለት። በቀን 5 ቃል፣ ከዚያ አይበልጥም፤ እንግሊዝኛው፣ የአማርኛ ትርጉሙ፣ ራሱ የሣለው ምስል፣ ራሱ የሠራው አንድ ዓረፍተ ነገር። ሥዕሉን እርስዎ አይሣሉለት። ቃሉን የሚያስይዘው «ይህን በምን ልሣለው?» ብሎ የሚያስብባት ደቂቃ ናት። በማግስቱ ትርጉሙን በእጁ ሸፍኖ ይጠየቅ። የሳተው ቃል ተመልሶ ወደ ነገው 5 ይገባል።

ክፍተቱ ከታች ክፍል ከሆነ ደግሞ እጁን እንጠቀምበት። የ7ኛ ክፍል ሒሳብ ያለ ክፍልፋይ አይራመድም። 2/3 ሲደመር 1/4 ስንት ነው ብለው ይጠይቁት። ብዙ ልጆች ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምረው 3/7 ይላሉ። ስህተቱ የሚመጣው 2/3ን እንደ አንድ መጠን ሳይሆን እንደ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ስለሚያዩት ነው። ይህን በቃል ማስረዳት አይቀናም፤ 24 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጭን ወረቀት ግን ያስረዳዋል። ሁለት ሲሶው የት ላይ ይደርሳል? 16 ሳንቲ ሜትር ላይ፤ ምልክት ያድርግ። ሩቡስ? 6 ሳንቲ ሜትር። አሁን የእሱ 3/7 የት እንደሚያርፍ ይለካ፤ ከ10 ሳንቲ ሜትር ጥቂት ያልፋል። «16 ላይ 6 ጨምረህ እንዴት ወደ 10 ወረደ?» ይበሉትና ዝም ይበሉ። እዚህ ጋ ብዙ ወላጅ ተቻኩሎ መልሱን ይነግራል። ይጠብቁት። ራሱ 16 እና 6 ደምሮ 22 ላይ ይደርሳል፤ ከ24ቱ 22፣ ሲያሳጥረው 11/12። 24 የተመረጠው ለ3ም ለ4ም ያለ ትርፍ ስለሚካፈል ነው፤ የጋራ ታህት ማለትም ይኸው ነው።

ወረቀቱ ግን መሰላል ነው፤ እላዩ ላይ አይኖርበትም። ሦስት ቀን በወረቀቱ ይሥራ፤ ቀጥሎ ሦስት ቀን ደብተሩ ላይ መስመር ብቻ እየሣለ፤ ከዚያ በቁጥር ብቻ። ሲጠፋበት ወደ መስመሩ ይመለስ። በእጅ የሚያስተምሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት ልጁ ስለተዋጣለት ወረቀቱ ላይ ሲያቆዩት ነው፤ ፈተና ክፍል ወረቀቱን ሲያጣ ዕውቀቱም አብሮ ይጠፋል።

ዜማውም ያገለግላል፤ ግን ለሁሉ አይደለም። ቅደም ተከተል ላለው ነገር፣ ለምሳሌ ምግብ ከአፍ ጀምሮ የሚያልፍባቸውን የአካል ክፍሎች ለመያዝ፣ በሚያውቀው ምት ከበሮ እየመታ ይበለው። «ለምን?» ለሚል ጥያቄ ዜማ አይረዳም። አንድ ወጥመድም አለው፤ በዜማ የያዘ ልጅ ከመጀመሪያው ካልጀመረ መሐሉን አያገኘውም። ስለዚህ ሁልጊዜ ከመሐል ይጠይቁት፦ «ከጨጓራ ቀጥሎ ምንድን ነው? ከጨጓራ በፊትስ?» ያለ ዜማ ከመለሰ ያን ጊዜ ይዞታል።

ችሎታው የትኛውም ይሁን፣ ለሁሉም ልጅ የሚሠራ አንድ ነገር አለ፤ መጽሐፉን ዘግቶ ከአእምሮ ማውጣት። የቆሎ ተማሪ የተሰጠውን ቃል ይዞ የኔታ ፊት ሲቀርብ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ይበልጡ ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ግን መጽሐፉን ዘግተው ራሳቸውን የጠየቁት በለጧቸው። ልጆች ደጋግሞ ማንበብን የሚወዱት ለዚህ ነው፤ ወዲያው የያዙት ይመስላቸዋል። የልጅዎ የማታ ጥናት 40 ደቂቃ ይበቃዋል። 15 ደቂቃ ያንብብ ወይም ይሥራ፤ 10 ደቂቃ ደብተሩን ዘግቶ የያዘውን በባዶ ወረቀት ይጻፍ ወይም ይሣል፤ 5 ደቂቃ ከደብተሩ እያመሳከረ የረሳውን በቀይ ይሙላ፤ የቀረውን 10 ደቂቃ ለአንድ ሰው ያስረዳ።

ያ ሰው አባቱ ቢሆኑ እመርጣለሁ። ባለቤትዎ ክፉ ሆነው የተቆጡ አይመስለኝም፤ የልጃቸው ነገር አስፈርቷቸዋል። ልጆቹ በሌሉበት፣ ሪፖርት ካርዱ ባልመጣበት ቀን ያነጋግሯቸው። «አንተ ነህ ያበላሸኸው» በሚል አይጀምሩ። «ሁለታችንም ፈርተናል፤ ስድስት ሳምንት አንድ ላይ እንሞክር» ይበሏቸውና ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቋቸው። አንደኛ፣ ዱላውና «እህትህን እይ» የሚለው ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። የሚፈራ ልጅ ልቡ ጥያቄው ላይ ሳይሆን የአባቱ ፊት ላይ ነው፤ ሒሳብ ለመሥራት የሚያስፈልገው ሐሳብ በፍርሃቱ ይያዛል። ሁለተኛ፣ በሳምንት ሦስት ማታ ለ10 ደቂቃ ተማሪ ሆነው ይቀመጡ፤ ልጁ የባትሪ መብራት ፈትቶ ኃይሉ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ያስረዳቸው፣ እሳቸው ይጠይቁት። ሥራው በ1.5 ቮልት ድንጋይ ብቻ ይሁን። ሬዲዮም ቢሆን ሶኬት ላይ እንደተሰካ ፈጽሞ እንዳይከፍት፤ የቤቱ 220 ቮልት ይገድላል።

ሙያ ማስያዙ ነውር የለበትም፤ ሰዓቱ ግን አሁን አይደለም፤ ቅጣት ሆኖም መምጣት የለበትም። የኤሌክትሪክ ሙያ ቢማር እንኳ ቮልቱን ለኦም አካፍሎ አምፔሩን ማግኘት ይጠበቅበታል፤ 9 ቮልት ለ3 ኦም፣ 3 አምፔር። ከክፍልፋይ የሚያመልጥበት በር እዚያም የለም።

ትልቋን ልጅዎን አይርሷት። መለኪያ መሆን ለእሷም ሸክም ነው። ሙለርና ድዌክ በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት «ብልህ ናችሁ» ተብለው የተመሰገኑ ልጆች ከባድ ጥያቄ ሲገጥማቸው ጥረታቸው ከተመሰገነላቸው ቀድመው ተስፋ ቆርጠዋል። «አንደኛ ወጣሽ» ከማለት «ያን ከባድ ጥያቄ ሦስቴ ሞክረሽ ያዝሽው» ይበሏት። የወንድሟ አስጠኚ አያድርጓት፤ ፉክክሩ ይብሳል።

ለክፍል ኃላፊ መምህሩ ሦስት ነገር ብቻ ይንገሯቸው፦ ልጁ የጠፋበት የእንግሊዝኛ ቃል እንደሆነ (ከታየ)፣ ከፊት ወንበር እንዲቀመጥ፣ በሳምንት አንዴ የቃል ደብተሩን እንዲያዩለት። ከ54 ተማሪ ጋር የሚውሉ መምህር ይህን ያህል ይችላሉ፤ ከዚያ በላይ መጠየቅ ከባድ ነው።

ከስድስት ሳምንት በኋላ እነዚያን 10 ጥያቄዎች በእንግሊዝኛ ደግመው ይስጡት፤ ደረጃውን ሳይሆን 3 የነበረው ስንት እንደሆነ ይዩ። 5 ወይም 6 ከደረሰ በዚሁ ይቀጥሉ። ምንም ካልተነቃነቀ፣ ወይም ያ የ4ኛ ክፍል ገጽ አሁንም ፊደል በፊደል የሚለቀም ከሆነ፣ አስቀድመው ዓይኑንና ጆሮውን ያስመርምሩ፤ ቀጥሎም የንባብ ችግርን ወደሚመረምር ባለሙያ ይውሰዱት። ሲሄዱ የጻፈባቸውን ደብተሮችና የሁለቱን ቋንቋ የፈተና ወረቀቶች ይያዙ፤ ባለሙያው መጀመሪያ የሚያየው እነሱን ነው።